ዋስ ጥራ

ወደ ፖለቲካ የገባሁት በጓሮ በር ነው። የ1997ቱ ምርጫ ሲቃረብ አንድ ልቦለድ አሳትሜ ሁለተኛው አልገፋ ብሎኝ ነበር፤ ቀን ቀን የሰው ጽሑፍ አርማለሁ፣ ማታ ማታ የራሴን እሰርዛለሁ። አንድ ምሽት ሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ ያስተማሩኝ መምህር ስልክ ደወሉ። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። በተወለዱበት በምዕራብ ጎጃም በቅንጅት ዕጩ ሆነው እንደሚቀርቡ ነገሩኝና፣ «አንተ ትጽፋለህ አሉ። በራሪ ወረቀት ትጽፍልኛለህ» አሉኝ። ጥያቄ አልነበረም፤ የቤት ሥራ ነበር። ስማቸውንም የምርጫ ክልላቸውንም አልጠቅስም። ስማቸው ሲጠራ የሚያፍሩ ሰው ናቸው። ለዕጩ የማይሆን ጠባይ መሆኑን ያን ጊዜም ነግሬያቸዋለሁ።

እናቴ ነገሩን ስትሰማ የጠራችው አንድ ስም ብቻ ነው፤ በዓሉ ግርማን። «ኦሮማይ»ን አንብባ አታውቅም። መጽሐፉ በ1975 ታትሞ ወዲያው ከገበያ መሰብሰቡን፣ ደራሲውም በ1976 ከቤቱ ወጥቶ አለመመለሱን ግን እንደ ጎረቤት ሐዘን ታስታውሰዋለች። በዓሉ አስመራ የወረደው ለቀይ ኮከብ ዘመቻ እንደነበረ፣ ከመንግሥት ጋር ከነሹመቱ እንደሄደ፣ እኔ ግን ከአንድ ሽማግሌ ጋር በኪራይ ፒክአፕ ለቅስቀሳ ብቻ እንደምሄድ አስረዳኋት። «እሱም የሄደበትን ጻፈው፤ አንተም ትጽፈዋለህ» አለችኝና ስንቄን ልትቋጥር ተነሣች። እንዳለችውም እነሆ እየጻፍኩት ነው፤ ሃያ ዓመት ያህል ዘገየሁ እንጂ።

ያን ሰሞን አገሩ ሁሉ ሌላ ዓይነት ወሬ ያወራ ነበር። ፓርቲዎች በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ፊት ለፊት ይከራከራሉ፤ የሰፈራችን ጠጅ ቤት ዜና ሲጀምር ይዘጋ የነበረው ሬዲዮ ክርክር ሲጀምር ይከፈታል። ቅንጅት የአራት ድርጅቶች ጥምር ነበር፤ መኢአድ፣ ኢዴፓ-መድኅን፣ ቀስተ ደመናና የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ ሊግ። የኢሕአዴግ ምልክት ንብ፣ የቅንጅት ደግሞ ሁለት ጣት። ደበበ እሸቱን የሚያህል ተዋናይ መድረኩን ትቶ ከቅንጅት ጋር ተሰልፏል። እሱ ካደረገው እኔ ምን ቤት ነኝ፤ አዎ፣ እንዲህም ብዬ አስቤ ነበር። የፖለቲካ ፕሮግራም አንብቤ አልነበረም የወሰንኩት። መምህሬ ስለጠሩኝና ጽሑፌ ስላልገፋ ነው። ከዚህ የተሻለ ምክንያት ኖሮት ቅስቀሳ የወጣ ሰው እምብዛም አላጋጠመኝም።

ዓባይን ወርደን ወጥተን፣ ደብረ ማርቆስን፣ ደምበጫንና ጅጋን አልፈን ፍኖተ ሰላም ስንገባ ሁዳዴ ነበር። መምህሬ የቅስቀሳውን ፕሮግራም ያወጡት በታቦት ቀን ነው። በአቦ ቀን እዚህ፣ በሚካኤል እዚያ፣ በኪዳነ ምሕረት ማዶ፣ በማርያም ወዲህ። ገበሬው በበዓል ቀን ሞፈር አያነሣም፤ ስለዚህ ሰው የሚገኘው ያን ቀን ብቻ ነው። በሁዳዴ ደግሞ ቅዳሴ የሚወጣው ከሰዓት በኋላ ነውና እኛም እስኪወጣ እንጾማለን። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ መቀስቀስ ክልክል ስለሆነ ከደጀ ሰላሙ ራቅ ብለን ዋርካ እንፈልጋለን። ዋርካው ሥር ቀድሞን የደረሰ ሌላ ፓርቲ ካለ ተራ እንጠብቃለን። አንድ ጊዜ የንብ ቀስቃሾች ሞንታርቧቸው ተቃጥሎ የእኛን ተውሰዋል። መምህሬ ሰጧቸው። ሾፌራችን ለሁለት ቀን አኮረፋቸው።

በራሪ ወረቀቱን በመንገድ ላይ ጽፌ ፍኖተ ሰላም ስንደርስ አስረከብኳቸው። ጎህ ነበረበት፣ ብርሃን ነበረበት፣ የሕዝብ ማዕበልም ነበረበት። መምህሬ ቀይ እስክሪብቶ አወጡ። ማዕበሉን ሰረዙት፤ «እዚህ አገር ባሕር የለም» ብለው። ጎሁን ሰረዙት። የቀሩት ስድስት ዓረፍተ ነገሮች ናቸው፤ ማን እንደሆኑ፣ የማን ልጅ እንደሆኑ፣ የት እንዳስተማሩ፣ ስለ መሬት ምን እንደሚያስቡ፣ ስለ ማዳበሪያ ዕዳ ምን እንደሚያስቡ፣ ምልክታቸው ምን እንደሆነ። እስከ ዛሬ የኔው ይሻል ነበር ባይ ነኝ፤ ግን የተበተነው የሳቸው ነው።

ፍኖተ ሰላም የምዕራብ ጎጃም ዞን ዋና ከተማ ናት። ቀድሞ ወጀት ትባል እንደነበርና የአሁኑን ስሟን ያወጡላት ጃንሆይ እንደሆኑ የነገረን የሆቴሉ ዘበኛ ነው። የእኛም፣ የንቡም ቀስቃሾች የምናድረው እዚያው ሆቴል ነበር፤ ውኃ ያለው እሱ ብቻ ስለነበረ። ቀን በሞንታርቦ ስንነቃቀፍ ውለን ማታ አንድ ገበታ ዙሪያ ሽሮ በዳጉሳ እንጀራ እንበላለን። ከነሱ አንዱ፣ ሃያ አምስት ዓመት ያልሞላው ካድሬ፣ ሦስተኛው ወይም አራተኛው ምሽት ላይ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። «መጽሐፍህን አንብቤዋለሁ» አለኝ። በሕይወቴ ከማላውቀው ሰው አፍ ይህን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ልቤ እንዴት እንደዘለለ አልናገርም። ቀጠለና፣ «ገበሬህ ለምንድን ነው የማይስቀው?» ሲል ጠየቀኝ።

«እንዴት ማለት?»

«ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ያዝናል፣ ያለቅሳል፣ ሰማይ ያያል። አባቴ ገበሬ ነው። እንደ አባቴ የሚስቅ ሰው አላውቅም። በአንተ እንኳ ዛሬ ሞንታርቦው ሲያፏጭብህ እንዴት እንደሳቁ አላየህም?»

አይቻለሁ። ስለ ልቦለዴ በጋዜጣ ሁለት አስተያየት ወጥቶ ነበር፤ ሁለቱም አመስግነውኛል፣ ሁለቱም ይህን አላዩም። ከተቀናቃኝ ፓርቲ የመጣ ሒስ ስለሆነ ላጣጥለው ብሞክርም አልሆነልኝም። ከዚያ ወዲያ በየደረስንበት ሰው ሲስቅ እጠብቅ ጀመር። ብዙ መጠበቅ አያስፈልግም ነበር።

ቡሬ ለምሳሌ። ቡሬ ወደ ነቀምት የሚገነጠለው መንገድ መነሻ ናት፤ የበርበሬ አገርም ናት። የገበያ ቀን ሞንታርቧችንን ያቆምነው፣ ሰው በብዛት ያለበት ነው ብለን፣ በርበሬ ተራ አጠገብ ነበር። መምህሬ «ክቡራን ወገኖቼ» ብለው ሲጀምሩ ነፋስ ተነሣ። ሦስት ቃል ይናገራሉ፣ ያነጥሳሉ። ማስነጠሱ በሞንታርቦ ገበያውን ያናውጠዋል፤ ሰዉ በአንድ ድምፅ «ይማርዎ!» ይላል። ሦስት ቃል፣ ማስነጠስ፣ «ይማርዎ!»። እንዲህ እያለ ንግግሩ አለቀ። ሾፌራችን ከዚያ ቀን ጀምሮ በቡሬ እናሸንፋለን ብሎ ይወራረድ ነበር፤ «ያን ያህል ሰው መርቆን!» ይላል።

እዚያው ቡሬ አንዲት እናት ጠላ ቤት ውስጥ በራሪ ወረቀታችንን ለአንድ አዛውንት ሰጠኋቸው። በሁለት እጃቸው ተቀብለው አገላበጡት፣ በጣታቸው ውፍረቱን ለኩት። «በጣሊያን ጊዜም ወረቀት መጥቶልናል» አሉኝ። «ያኔ በመኪና አልነበረም የመጣ። ከሰማይ ነው የወረደ።» እንግሊዞች በ1932 ክረምት ከሱዳን እየተነሡ በጎጃም ላይ በአውሮፕላን የጃንሆይን አዋጅ መበተናቸውን በመጽሐፍ አንብቤ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ጃንሆይ በኦሜድላ ገብተው፣ እንግሊዛዊው ዊንጌትና አርበኞች ቡሬ የመሸገውን ጣሊያን አስለቅቀው፣ በዚህችው መንገድ ወደ ደብረ ማርቆስ መውጣታቸውንም እንዲሁ። አዛውንቱ ያን ጊዜ ከብት ጠባቂ ልጅ ነበሩ። የወደቀውን ወረቀት አባታቸው አንሥተው ሲስሙት አይተዋል። «ለምን ሳሙት?» አልኳቸው። «ማኅተም ነበረበታ!» አሉኝና የእኛን ወረቀት ገልብጠው ጀርባውን አዩት። ጀርባው ባዶ ነበር። አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት፤ ለትህትና ይሁን ለትንባሆ መጠቅለያ አላውቅም።

ማንኩሳ ግን ከሁሉም በላይ ናት። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲሄዱ መንገድ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት፤ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበ ሰው ግን ያለ ስሜት አያልፋትም። የበዛብህ ወላጆች፣ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ፣ የዚያች አገር ሰዎች ናቸው። ሀዲስ ዓለማየሁ ከሞተ ገና ሁለት ዓመት አልሞላም ነበር፤ በ1996 ኅዳር ነው ያረፈው። እኔ ቅስቀሳውን ረስቼ በመስኮት የቦጋለን ቤት የምፈልግ ይመስል ግራ ቀኝ አያለሁ። በልቦለዱ ውስጥ የፊታውራሪ መሸሻ ገበሬዎች በአበጀ በለው መሪነት አንገብርም ብለው የሚነሡበትን ክፍል ለመምህሬ አነሣሁባቸው። «ለንግግርዎ ይሆናል፤ እዚህ ሰው ልብ ውስጥ ይገባል» አልኳቸው። መምህሬ «የነሱን ታሪክ ለነሱ ትነግራለህ?» ብለው ዝም አሰኙኝ።

ከማንኩሳ ወጣ ብሎ፣ መኪና ከሚደርስበት አልፎ ግማሽ ሰዓት በእግር ያስኬዳል፣ አንዲት ቤተ ክርስቲያን አለች። ቅዳሴ ወጣ። ሰዉ ዋርካው ሥር ተቀመጠ፤ ወንዶቹ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው፣ ሴቶቹ ራቅ ብለው። መምህሬ ተናገሩ፤ አጭር ነበር። ሲጨርሱ የሚያጨበጭብ የለም፣ የሚያጉረመርምም የለም። አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«የተናገሩት ሰምተናል። መልካም ነው። ዋስ ይጥሩ።»

ስላቅ መስሎኝ ወደ መምህሬ አየሁ። መምህሬ ግን አልሳቁም። በዚያ አገር በሬ ሲሸጥ ዋስ አለ፤ እህል ሲበደሩ ዋስ አለ፤ ሁለት የተጣሉ ሲታረቁ ነገሩ የሚጸናው ዋስ ሲጠራ ነው። ቃሉን የሰጠ ቢያጥፍ ዋሱ ይያዛል። ታዲያ ማንነቱን የማያውቁት ሰው መጥቶ አምስት ዓመት አደራ ስጡኝ ሲል ያለ ዋስ እንዴት ይሆናል? አዲስ አበባ ቴሌቪዥን ላይ የተቀመጡት ጠያቂዎች ሁሉ ያላሰቡት ጥያቄ ነበር።

መምህሬ አሰቡና፣ «ዋስ የምጠራው በምችለው ነገር ነው» አሉ። «ድልድይ እሠራለሁ አልልም፤ የምሠራው እኔ አይደለሁም። የምላችሁ ይህን ነው፤ ባሸንፍም ብሸነፍም እዚችው ተመልሼ መጥቼ የሆነውን እነግራችኋለሁ። በዚህ ዋስ እጠራለሁ።» ከዚያ ሕዝቡን ያዩ ጀመር። ቀድሞ ጅጋ አስተምረው ነበር፤ ዘመኑ ሩቅ ነው፤ ሆኖም ዓይናቸው አንዱ ላይ አረፈ። አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ጥላ የያዘ ሰው ነው። ሰውዬው ጥላውን ዝቅ ለማድረግ ሞከረ፤ አልጠቀመውም። በስሙ ጠሩት።

ተነሣ። «እኔ ዋስ እሆናለሁ» አለ። «እኒህ ሰው ቃላቸውን ያከብራሉ። ነገ እገርፍሃለሁ ብለውኝ ያልገረፉኝ ቀን የለም።»

ያ ዋርካ እንደዚያ ቀን ስቆ አያውቅም መሰለኝ። ካድሬው እዚያ ቢኖር ብዬ ተመኘሁ። ሽማግሌው ሳቁ እስኪበርድ ጠብቀው ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተስ ልጄ? ይኸንን ወረቀት የጻፍህ አንተ ነህ አሉ። ሥራህ ምንድን ነው?»

«መጽሐፍ እጽፋለሁ፣ አባቴ። ልቦለድ።»

«እንደ ሀዲስ?»

እንደ ሀዲስ ነው ማለት ድፍረት፣ አይደለም ማለት ውርደት ሆነብኝ። «እሞክራለሁ» አልኩ። ሀዲስን እንዴት እንደሚያውቁት ግን ጠየቅሁ። አብዛኞቹ ያወቁት በሬዲዮ ነው፤ ወጋየሁ ንጋቱ ሲተርከው። አንዲት ባልቴት ከሴቶቹ በኩል፣ የሰብለ ወንጌል ነገር ሲነበብ በደርግ ጊዜ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሬዲዮ ያለበት ቤት ሰው ሞልቶ ግድግዳው መዝመሙን ነገሩኝ። የጉዱ ካሳ ነገር ሲነሣ አንዱ እንደ ዘመዱ ተቆጣለት፤ «እብድ አሉት እንጂ እብድስ እነሱ ነበሩ» አለ። ሌላው የቦጋለ መብራቱ ቤት የነበረበትን ቦታ አሳይሃለሁ አለኝ። ቦጋለ የተፈጠረ ሰው መሆኑን ልንገረው ብዬ አፌን ስከፍት ሽማግሌው ቀደሙኝ።

«ሀዲስ የአገራችን ሰው ነው። ላየነው ነገር ዋሱ እኛ ነን። አንተ ለምትጽፈው ሰው ማንን ዋስ ትጠራለህ? ዋስ ጥራ።»

ዝም አልኩ። ስለ ገበሬ ጽፌ ነበር፤ ከገበሬ ግን አንድም ዋስ የምጠራው አልነበረኝም። ጥላ የያዘው ሰው አዘነልኝ መሰለኝ፣ «ለሱም እኔው እሆናለሁ፤ እስኪጽፍ» አለ።

ከዚያ በኋላ እውነተኛው ክርክር ተጀመረ፤ በመሬት። በ1989 በአማራ ክልል መሬት እንደገና ሲከፋፈል በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር ሹመት የነበራቸው ሰዎች «ቢሮክራሲ» ተብለው ከአራት ጥማድ በላይ እንዳይዙ ተደርጓል፤ አንድ ሄክታር ማለት ነው። ሌላው ገበሬ እስከ ሦስት ሄክታር ሊይዝ ይችል ነበር። ዋርካው ሥር አንድ «ቢሮክራሲ» ተብለው መሬታቸው የተቀነሰ አባወራ ተነሥተው በደላቸውን ተናገሩ። አጠገባቸው ደግሞ ያን መሬት የተካፈለው ወጣት ተቀምጧል፤ ጎረቤታማቾች ናቸው፣ አንድ ማኅበር ይጠጣሉ። ወጣቱ ተነሥቶ፣ «እናንተ ካሸነፋችሁ የኔን ነጥቃችሁ ለሳቸው ልትመልሱ ነው ይባላል፤ እውነት ነው?» አለ። ቅንጅት መሬት የግል ይሁን ይላል፤ ኢሕአዴግ ደግሞ መሬት ከተሸጠ ገበሬው ተፈናቅሎ ከተማ ይጎርፋል ይላል። መምህሬ በእጅህ ያለው በስምህ ይጸናል እንጂ አይነጠቅም አሉት። ወጣቱ «ይኸስ ዋስ አለው?» አለ። መምህሬ የለውም አሉ። አባወራው ተቀበሉና፣ «የኔን ልጅ አግባት፣ መሬቱ እንዲሁ ይገናኛል» ብለው ወጣቱን አሳፈሩት። የኔ ገጸ ባሕርያት ቢሆኑ ኖሮ እነዚህን ሁለት ሰዎች በዱላ አጋድያቸው ነበር።

ፋሲካ ያን ዓመት ሚያዝያ 23 ዋለ፤ ከጊዮርጊስ ጋር ተገጣጥሞ። እኔ አዲስ አበባ ተመልሼ ሚያዝያ 30 በቅንጅት ሰልፍ መስቀል አደባባይ ውስጥ ነበርኩ። ስለዚያ ሰልፍ ብዙ ሰው ብዙ ጽፏል፤ የኔ አይጨምርበትም። ግንቦት 7፣ እሑድ፣ ሥላሴ፣ ከ25 ሚሊዮን በላይ የተመዘገበ ሰው ሲጠራ፣ ከማንኩሳ ማዶ ያሉት ሰዎች ሌሊት ተነሥተው መሰለፋቸውን በስልክ ሰማሁ። ከዚያ በኋላ የመጣው የውጤት ውዝግብ፣ የሰኔውና የጥቅምቱ ግድያ፣ የቅንጅት መሪዎች እስር፣ ደበበ እሸቱም ከታሳሪዎቹ አንዱ መሆኑ፣ የታወቀ ነው። መምህሬ አልታሰሩም፤ ግን ለሁለት ዓመት ያህል ወደዚያ አገር የሚያስኬድ ጊዜ አልነበረም።

በዚያ መሐል የፔሩው ደራሲ ማሪዮ ቫርጋስ ዮሳ በ1990 እ.ኤ.አ. ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድሮ በፉጂሞሪ ስለመሸነፉ የጻፈውን ትዝታ አነበብኩ። ትልቅ ደራሲ ነው፤ ቅስቀሳውንም በሰፊው ተርኮታል። እንደተሸነፈ በቀናት ውስጥ አውሮፓ ሄደ። አልፈርድበትም። ዋስ አላስጠሩትም እንጂ ቢያስጠሩት ምን ያደርግ ነበር እያልኩ ግን አነበብኩት።

ለካስ የእኛን ዋስ ይዘውት ነበር። መስከረም አልፎ መምህሬ ሲቀሩ ሽማግሌው ጥላ የያዘውን ሰው ማኅበር ላይ አስነሥተው፣ «ዋስ ነህ፤ ሰውህን አምጣ» አሉት። ሰውዬው ማምጣት አልቻለም። አንድ ገንቦ ጠላ ተቀጣ፤ ከፈለም። ይህን የሰማነው በ2000 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው፤ መምህሬ ሰምተው ያን ሌሊት አልተኙም። በሳምንቱ በአውቶቡስ ሄድን።

ዋርካው ሥር፣ በሚካኤል ቀን፣ መምህሬ የሆነውን ሁሉ ነገሯቸው፤ ከበፊቱ ንግግራቸው ረዘም ይላል። ማንም አላቋረጣቸውም። ሽማግሌው «እንግዲህ ዋሱ ወርዷል» አሉ። ያን ጊዜ ጥላ የያዘው ሰው ተነሥቶ ገንቦው ከነወለዱ እንዲከፈለው ጠየቀ። መምህሬ ዋናው አንድ ገንቦ፣ ዘመኑ ሁለት ዓመት፣ ወለዱ ከመቶ አሥር ነው ብለው፣ «አንተው አስላው» አሉት። መሬት ላይ በጥላው ጫፍ ጻፈ፣ አጠፋ፣ ደግሞ ጻፈ። ያወጣው ከሚገባው በታች ነበር። መምህሬ «ተሳስተሃል» አሉት፤ እሱ «እንደዚያም ይሁን፣ ይበቃኛል» አለ፤ እሳቸው «አይበቃህም፣ እንደገና» አሉት። ጠላው ከተከፈለ በኋላ ሽማግሌው እኔን ጠቅሰው፣ ለዚህ ልጅ የገባኸው ዋስትና ግን ገና አልወረደም አሉት።